ከእስኮን ወደ አሬራ ቂጣ፦ በምጣድ ላይ የሚገኝ የፊዚክስ ትምህርት

እንጀራ ተጋግሮ ካበቃ በኋላ በምጣዱ ውስጥ የሚቀረው ሙቀት ወዴት ይሄዳል? ጥያቄው ተራ ይመስላል። ነገር ግን በአገራችን ባሉ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ምድጃዎች ላይ በየሳምንቱ የሚነሣ፣ ከማገዶ፣ ከጊዜና ከእናቶች ጉልበት ጋር በቀጥታ የተያያዘ ጥያቄ ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህን ጥያቄ አንድ ተራ ምግብ ይዘን ለመመለስ እንሞክራለን። ምግቡ በአሬራ ተቦክቶ በምጣድ ላይ የሚጋገር ወፍራምና ክብ ቂጣ ሲሆን፣ እንግሊዞች «እስኮን» ብለው ከሻይ ጋር የሚበሉትን ትንሽ ዳቦ በሚገባ ይተካል።

የጽሑፋችን መነሻ የራሳችን ስሕተት ነው። በውጭ አገር ለሦስተኛ ዲግሪ ትምህርታችን በቆየንባቸው ዓመታት እስኮን መጋገር ለምደን ነበር። ወደ አገራችን ከተመለስን በኋላ በአንድ የዕረፍት ጊዜ ዘመዶቻችንን ለመጠየቅ ወደ መርሳ ወረድን። መርሳ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ ከወልድያ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ከባሕር ወለል በላይ ያላት ከፍታ 1600 ሜትር ገደማ ነው። እኛም ባለሙያ መስለን ለመታየት በመፈለግ፣ ከውጭ ያመጣነውን መመሪያ ዘርግተን፣ በአንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ ኦቨን እስኮን ጋገርን። ዳቦው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በፍጥነት ተነፋ፤ ወዲያውም መሐሉ ሰመጠ። ቀለሙ ወደ ቢጫ ያደላ፣ ጣዕሙም ሳሙና ሳሙና የሚል ሆነ።

የቤቱ እመቤት፣ እኛ እማማ የምንላቸው እናት፣ በዚያው ሰዓት እንጀራ ጋግረው መጨረሳቸው ነበር። በሥራችን ላይ ምንም ሳይናገሩ ቆዩና፣ «ልጄ፣ ይኸ ሁሉ ሙቀት በከንቱ ሲበተን ሌላ እሳት ለምን አስፈለገ?» አሉን። ከዚያም ቅቤ ከወጣለት አሬራ በብርጭቆ ቀድተው ከስንዴ ዱቄት ጋር ለወሱት፤ በጣታቸው ጫፍ ጥቂት ሶዳ ቆንጥረው ጨመሩበት። አራት ቦታ ከፍለው በምጣዱ ላይ አስቀመጡትና አክምባሎውን ከደኑበት። በየጊዜው እየከፈቱ ቂጣውን ይገለብጡታል፤ ሲገለብጡትም ወደ ነበረበት ቦታ አይመልሱትም። ከ20 ደቂቃ በኋላ ያማረ፣ ለስላሳና ወዝ ያለው ቂጣ በሰፌድ ላይ ቀረበ። የእኛ እስኮን ለምን እንደ ወደቀ፣ የእማማ ቂጣ ደግሞ ለምን እንደ ተሳካ ስንመረምር ያገኘነውን ነው ከዚህ በታች የምናቀርበው።

እስኮን ከየት መጣ?

በቅድሚያ አንድ የተሳሳተ ግምት እናስወግድ። እስኮን ያለ ኦቨን የማይታሰብ ምግብ ይመስለናል። ይሁን እንጂ የእስኮን መነሻ የሆነው የስኮትላንድ ክብ ቂጣ የሚጋገረው በእሳት ላይ በሚጣድ ጠፍጣፋ የብረት ምጣድ ነበር። ከተጋገረ በኋላ ወይም ከመጋገሩ በፊት በመስቀል ቅርጽ ለአራት ይከፈል ነበር። በአየርላንድም ከ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ወዲህ በአሬራና በሶዳ የሚቦካ ዳቦ የድኃው ሕዝብ የዕለት ምግብ ሆኖ ቆይቷል። ኦቨን የመጣው ቆየት ብሎ ነው። እንግዲህ ምጣድ፣ ዱቄትና አሬራ ያላት የመርሳ ማእድ ቤት የእስኮን ምትክ ፈላጊ ሳትሆን፣ እስኮን ራሱ የተነሣበትን ዘዴ በእጇ የያዘች ናት። በሰሜን ወሎና በትግራይ የታወቀው አምባሻም ክብ ሆኖ፣ በላዩ ላይ እንደ ጎማ ሽቦ የተሠመሩ መሥመሮች ያሉት መሆኑ በዚህ አጋጣሚ ሊታወስ ይገባዋል። መሥመሮቹ ለውበት ብቻ የተደረጉ አይደሉም። ሊጡ በዚያ በኩል ስለሚሳሳ ሙቀት ቶሎ ይገባዋል፤ ለመቁረስም ያመቻል።

አሬራና ሶዳ ሲገናኙ

ወተት ሲረጋ በውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች የወተቱን ስኳር ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጡታል። ይህን አሲድ እ.ኤ.አ. በ1780 ከኮመጠጠ ወተት ለይቶ ያወጣው ስዊድናዊው ኬሚስት ሼሌ ነው። መፍላቱ የሕያዋን ጥቃቅን ፍጥረታት ሥራ መሆኑን ደግሞ ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1857 ባቀረበው ጽሑፍ አብራርቷል። እርጎው ተንጦ ቅቤው ሲወጣ አሲዱ በአሬራው ውስጥ ይቀራል። አሬራን በምላሳችን ስንቀምስ የሚሰማን ኩምጣጤ ይኸው አሲድ ነው።

ሶዳ ወይም ቤኪንግ ሶዳ የምንለው ነጭ ዱቄት በሳይንሳዊ ስሙ ሶዲየም ባይካርቦኔት ይባላል። ሁለቱ ሲገናኙ የሚከተለው ለውጥ ይካሄዳል፤

ሶዲየም ባይካርቦኔት + ላክቲክ አሲድ → ሶዲየም ላክቴት + ውኃ + ካርቦን ዳይኦክሳይድ

ሊጡን የሚነፋው በመጨረሻ የተጠቀሰው ጋዝ ነው። እርሾ ይህንኑ ጋዝ ለማመንጨት ሰዓታት ያስፈልጉታል፤ የእንጀራ ሊጥማ ቀናት ይፈልጋል። የአሬራና የሶዳ ለውጥ ግን ወዲያው ይጀምራል። በመሆኑም የተቦካው ሊጥ ሳይውል ሳያድር፣ ደቂቃም ሳይባክን ምጣድ ላይ መውጣት ይኖርበታል።

አሁን መጠኑን እናስላ። 90 ግራም ላክቲክ አሲድ ከ84 ግራም ሶዳ ጋር ልክ ለልክ ይጣጣማል። አንድ ብርጭቆ፣ ማለትም 250 ግራም አሬራ ብንወስድና ከዚህ ውስጥ 0.8 በመቶው አሲድ ነው ብንል፣ 2 ግራም አሲድ አለን ማለት ነው። ይህን የሚያጣጣው ሶዳ 1.9 ግራም ገደማ ሲሆን፣ ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ጥቂት ያነሰ ነው። እኛ ግን ከውጭ ባመጣነው መመሪያ መሠረት አንድ ሙሉ የሻይ ማንኪያ፣ 5 ግራም ገደማ፣ ጨምረን ነበር። ከዚህ ውስጥ 3 ግራም ያህሉ የሚገናኘው አሲድ አጥቶ ቀረ። ትርፉ ሶዳ በሙቀት ወደ ሶዲየም ካርቦኔት ይለወጣል። ይህም ለልብስ ማጠቢያ የሚውል ንጥረ ነገር ነው። የሳሙናው ጣዕምና ቢጫው ቀለም የመጣው ከዚህ ነው። ከዚህ የምንማረው መሠረታዊ ሐሳብ የሶዳ መጠን የሚወሰነው በዱቄቱ ብዛት ሳይሆን በአሬራው ኩምጣጤ መሆኑን ነው።

የአሬራ ኩምጣጤ ከቤት ቤት፣ ከቀን ቀን ይለያያል። እንግዲህ አንባቢ በቤቱ እንዴት ይለካው? አንድ ብርጭቆ አሬራ ሰፋ ባለ ዕቃ ይቅዱ። ሶዳ በትንሽ በትንሹ፣ ከሩብ የሻይ ማንኪያ ባነሰ መጠን፣ እየጨመሩ ያማስሉ። አረፋው እየቀነሰ ሄዶ አዲስ ሶዳ ሲጨመርም አረፋ የማይታይ ከሆነ አሲዱ አልቋል ማለት ነው። እስከዚያ ድረስ የጨመሩት ሶዳ ለአንድ ብርጭቆ የሚበቃው ልክ ነው። በቤተ ሙከራ «ታይትሬሽን» ብለን ለተማሪዎቻችን የምናስተምረው ይህንኑ ነው።

ከፍታ የሚያመጣው ለውጥ

የእስኮናችን መሐል የሰመጠበት ምክንያት ግን የሶዳው መብዛት ብቻ አልነበረም። መመሪያው የተጻፈው በባሕር ወለል አቅራቢያ ለሚኖሩ ሰዎች ነበር። በዚያ የአየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ሲሆን በመርሳ ከፍታ ግን 84 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። በጋዝ ሕግ መሠረት የጋዝ ይዞታ ከግፊቱ ጋር በተገላቢጦሽ ይሄዳል። ከ2 ግራም ላክቲክ አሲድ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ በ25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲለካ፣ በባሕር ወለል 0.54 ሊትር ይሆናል። በመርሳ ግን 0.65 ሊትር ነው። ተመሳሳዩ ሶዳ በመርሳ 20 በመቶ ያህል የበለጠ ሊጡን ይነፋዋል ማለት ነው።

ከዚህ ሌላ በመርሳ ውኃ የሚፈላው በ95 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ የሊጡ ውስጥ ከዚያ በላይ ሊሞቅ አይችልም፤ እንፋሎቱም ቀድሞ ይነሣል። የስንዴው ግሉተንና ስታርች ጠንክረው ጋዙን በቅርጹ ለመያዝ የሚችሉት ሊጡ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሲደርስ ነው። ጋዙ ከዚህ በፊት ከመጠን በላይ ከተነፋ ግድግዳዎቹ ሳይጠነክሩ ይቀደዳሉ፤ ዳቦውም ይሰምጣል። እኛን የገጠመን ይህ ነበር። እማማ በጣታቸው ጫፍ የቆነጠሩት ጥቂት ሶዳ በዚህ ስሌት ሲመዘን ከእኛ የሻይ ማንኪያ ይልቅ ለትክክለኛው መጠን የቀረበ ነበር።

ዱቄቱም የራሱ ሚና አለው። በሀብሩ ቆላማ አካባቢ በሰፊው የሚመረተው ማሽላ ግሉተን የለውም። ጤፍም እንዲሁ ነው። ጋዙን የሚይዘው ተለጣጭ መረብ ስለሌላቸው ለብቻቸው ሲቦኩ ጋዙ ያመልጣል። የማሽላ ቂጣ ስስ ተደርጎ የሚጋገርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ወፍራም ቂጣ የሚፈልግ ሰው ቢያንስ ሁለት ሦስተኛውን ስንዴ ቢያደርግ የተሻለ ውጤት ያገኛል።

የውፍረት ሕግ

ሙቀት በሊጥ ውስጥ የሚጓዘው በዝግታ ነው። ሙቀቱ እስከ መሐል ለመድረስ የሚወስደው ጊዜ ከርቀቱ ጋር ሳይሆን ከርቀቱ ካሬ ጋር ይመጣጠናል። በአማካይ የሊጥ ሙቀት አስተላላፊነት መሠረት 1 ሴንቲ ሜትር ለመግባት 11 ደቂቃ ገደማ ያስፈልጋል። 2 ሴንቲ ሜትር ለመግባት ግን ሁለት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ፣ ማለትም 44 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል።

ተነፍቶ ውፍረቱ 2 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቂጣ ከሁለቱም ወገን ቢሞቅ መሐሉ ከእያንዳንዱ ገጽ 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይርቃል። እየተገለባበጠም ቢሆን በ20 ደቂቃ ውስጥ ይበስላል። 4 ሴንቲ ሜትር ብናደርገው ግን መሐሉ ሳይበስል ውጪው ያርራል። ስለዚህ ውፍረቱን መገደብ የልማድ ጉዳይ ብቻ አይደለም። መሐሉ በሚገባ መብሰሉ ለጤናም አስፈላጊ ነው። ካልፈላ ወተት የተገኘ አሬራ በሽታ አምጪ ተሕዋስያን ሊይዝ ይችላልና፣ በ90 ዲግሪ አካባቢ እስከ መሐሉ የበሰለ ቂጣ ከዚህ ስጋት ይጠብቃል።

የምጣዱ የሙቀት ሂሳብ

አሁን ወደ መነሻ ጥያቄያችን እንመለስ። ስፋቱ 58 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 2 ሴንቲ ሜትር የሆነ የሸክላ ምጣድ ክብደቱ 9.5 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል። ይህ ምጣድ ከ180 ዲግሪ ወደ 120 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 510 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይለቃል። ከ400 ግራም ዱቄትና ከ250 ግራም አሬራ የተሠራውን ሊጥ ለማብሰል ምን ያህል ያስፈልጋል? ሊጡን ለማሞቅ 125 ኪሎ ጁል፣ ከውስጡ 60 ግራም ያህል ውኃ ለማትነን 135 ኪሎ ጁል፣ በድምሩ 260 ኪሎ ጁል ነው። በምጣዱ ውስጥ የቀረው ሙቀት ከሚያስፈልገው ሁለት እጥፍ ገደማ ነው ማለት ነው።

ነገር ግን አንድ ችግር አለ። አራቱ ቂጣዎች የሚሸፍኑት ከምጣዱ ስፋት 14 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። ሸክላ ደግሞ ሙቀትን ወደ ጎን በፍጥነት አያሳልፍም፤ 10 ሴንቲ ሜትር ለመሻገር ከአምስት ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። ስለዚህ ቂጣው በአንድ ቦታ ቢቆይ ሊያገኝ የሚችለው ከሥሩ ያለውን 70 ኪሎ ጁል ያህል ብቻ ነው። ቦታውን አራት ጊዜ ቢለዋውጥ ግን 280 ኪሎ ጁል ያገኛል። እማማ ቂጣውን ሲገለብጡ ወደ ነበረበት ቦታ የማይመልሱት ለምን እንደ ሆነ የተረዳነው ይህን ስሌት ከሠራን በኋላ ነው። እኛ በክፍል ውስጥ የሙቀት ማስተላለፍ እኩልታ ስናስተምር ዓመታት አልፈዋል፤ በራሳችን ዘመዶች ምድጃ ላይ ግን አይተነው አናውቅም ነበር።

እርግጥ ከምጣዱ የሚለቀቀው ሙቀት ሁሉ ወደ ቂጣው አይገባም፤ ከፊሉ ወደ አየር ይበተናል። አክምባሎው የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ከባዶው የምጣድ ክፍል የሚወጣውን ሙቀት አፍኖ በቂጣው ላይ ይመልሰዋል፤ ምጣዱንም ወደ ኦቨንነት ይለውጠዋል። ከሊጡ የሚነሣው እንፋሎትም በቀዝቃዛው የላይኛ ገጽ ላይ ተመልሶ ሲጤዝ፣ በትነት ጊዜ የወሰደውን ሙቀት ይመልሳል። የጎደለውን በሥሩ ያለው ፍም ይሞላዋል። አዲስ ማገዶ ግን አይጨመርም።

ይህ ምን ያህል ያተርፋል? ቀዝቃዛውን ምጣድ ከ25 ዲግሪ እስከ 200 ዲግሪ ለማድረስ 1500 ኪሎ ጁል ያስፈልጋል። በሦስት ጉልቻ ምድጃ ላይ ከማገዶው ሙቀት ወደ ምጣዱ የሚደርሰው 10 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በመሆኑም ምጣዱን ለማሞቅ ብቻ 1 ኪሎ ግራም ያህል ደረቅ እንጨት ይነዳል። በሳምንት ሁለት ጊዜ ለቂጣ ወይም ለዳቦ ሌላ እሳት የሚነድበት ቤት በዓመት ከ100 ኪሎ ግራም በላይ እንጨት በዚህ መንገድ ያጣል። በአንድ ሸክም ከ25 እስከ 30 ኪሎ ግራም ብናስብ፣ አንዲት እናት ወይም ልጅ በጀርባዋ የምታመጣው አራት ሸክም ገደማ ነው። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ጦርነቱ ሰሜን ወሎን በሸፈነበትና መብራት በተቋረጠበት ጊዜ የኤሌክትሪክ ምጣድ የለመዱ የከተማ ቤቶችም ወደ እንጨት ተመልሰው ነበር። የአራት ሸክም ትርጉም በዚያን ጊዜ ለሁሉም ግልጽ ሆኗል።

የአሠራሩ ቅደም ተከተል

1. እንጀራው ተጋግሮ ሲያልቅ ፍሙን በምጣዱ ሥር ያስተካክሉ። ምጣዱን በማሰሻ ይጥረጉ።

2. 400 ግራም የስንዴ ዱቄት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨውና ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ሶዳ በደረቁ ያቀላቅሉ። ሶዳው በወንፊት ቢነፋ ይመረጣል፤ ካልተሰራጨ ቢጫ ነጠብጣብ ያስቀራልና።

3. ምጣዱን ይፈትሹ። ቁንጥር ዱቄት በላዩ ላይ ሲበተን በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ቀስ ብሎ ከቀላ ደርሷል። ወዲያው ከጠቆረ ጥቂት ይጠብቁ።

4. 250 ግራም አሬራ ወደ ዱቄቱ አፍስሰው ቶሎ ይለውሱ። ብዙ ማሸት አያስፈልግም፤ የታሸ ሊጥ ግሉተኑ ስለሚጠነክር ቂጣው ይደርቃል።

5. አራት ቦታ ከፍለው እያንዳንዱን 11 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 1.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ክብ ይዳምጡ። በላዩ ላይ በቢላዋ መስቀል ያሥምሩ።

6. ምጣዱ ላይ አስቀምጠው ይክደኑ። በየ5 ደቂቃው እየገለበጡ፣ ሁልጊዜም ወደ አዲስ ቦታ እያዛወሩ፣ 20 ደቂቃ ያብስሉ።

7. በጣት ሲመታ እንደ ከበሮ ባዶ ድምፅ ከሰጠ በስሏል። በሰፌድ ላይ አውጥተው እንፋሎቱ እስኪወጣ ያቆዩት።

በጾም ወራትስ? አሬራ የፍስክ ምግብ በመሆኑ ለጾመኞች አይሆንም። ይሁን እንጂ ኬሚስትሪው የሚፈልገው አሲድ እንጂ ወተት አይደለም። ከመርሳ ገበያ የሚገዛ ሎሚ ይህን ቦታ ይሸፍናል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ 1.5 ግራም ያህል ሲትሪክ አሲድ ስለሚይዝ፣ በውኃ ተበርዞ 250 ግራም ሲሞላ ከአንድ ብርጭቆ አሬራ ጋር የተቀራረበ ሶዳ ያጣጣል። የአሬራው ወዝና ልስላሴ ግን በሎሚው አይገኝም። በረመዳን ወር ለማፍጠሪያ የሚያዘጋጁ ቤቶች አሬራውን ያለ ለውጥ ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

መልመጃ ለተማሪዎች

ሀ. የአየር ግፊቱ 80 ኪሎ ፓስካል በሆነ ደጋማ ቦታ ከ2 ግራም ላክቲክ አሲድ ስንት ሊትር ጋዝ ይወጣል? ሙቀቱን 25 ዲግሪ ያድርጉ።

ለ. ከሁለቱም ወገን እኩል የሚሞቅ ቂጣ ውፍረቱ 3 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ሙቀቱ መሐሉ ለመድረስ ስንት ደቂቃ ይወስድበታል?

ሐ. በቤትዎ ያለውን ምጣድ ስፋትና ውፍረት ለክተው፣ ከ180 ወደ 120 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ የሚለቀውን ሙቀት ያስሉ። የሸክላን እፍጋት 1800 ኪሎ ግራም በሜትር ኩብ፣ የሙቀት አቅሙንም 0.9 ኪሎ ጁል በኪሎ ግራም በዲግሪ ይውሰዱ።

ማጠቃለያ

ከውጭ የመጣ መመሪያ ሁሉ ያልተጻፉ ግምቶችን ይዞ ይመጣል። የእኛ የእስኮን መመሪያ የባሕር ወለልን ግፊት፣ የኦቨን መኖርንና የሶዳ አጨማመር ልማድን እንደ ተፈጥሮ ሕግ ቆጥሯቸው ነበር። እኛም ሳንጠይቅ ተቀበልነው። በአንጻሩ በመርሳ ምድጃ ላይ የተመለከትነው አሠራር ሳይጻፍ ከእናት ወደ ልጅ ቢተላለፍም፣ በስሌት ሲፈተሽ በቦታው ግፊት፣ በምጣዱ ጠባይና በማገዶው ዋጋ ላይ የተመሠረተ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ማለት ግን ልማድ ሁሉ ትክክል ነው ማለት አይደለም፤ ሊለካና ሊፈተሽ ይገባዋል። አንባቢዎቻችንም በሚቀጥለው የእንጀራ ቀን ምጣዱ ሳይቀዘቅዝ አንድ ብርጭቆ አሬራ አዘጋጅተው እንዲሞክሩትና ያገኙትን ውጤት ከእኛ ስሌት ጋር እንዲያስተያዩት እንጋብዛለን።